ግራ የገባት አውሮፕላን

ሙሉነሽ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ እግሯን እየጎተተች ቤቷ ስትደርስ፣ ባሏ እውነቱ ጃኬቱን ለብሶ፣ የጫማውን ክር አስሮ፣ አውሮፕላኗን ጭኑ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ይጠብቃት ነበር። ቅዳሜ መሆኑን ከነጭራሹ ረስታዋለች። እሱ ግን አይረሳም፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሌላ ምን ሥራ አለው?

«ንፋስ አለ?» አላት፣ ገና በሩን ሳትዘጋው።

«የለም» አለች። የጣሪያው ቆርቆሮ ወዲያውኑ ተንጓጓና አሳጣት።

እውነቱ ሰበታ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነበር። አውሮፕላኗን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቆርጦ፣ በማጣበቂያ አያይዞ፣ ትንሽ ሞተርና ባትሪ ገጥሞ፣ ከሩቅ በእጅ ማዞሪያ እንድትታዘዝ አድርጎ የሠራት ዓይኑ መድከም በጀመረበት ጊዜ ነው። ሐኪሞች የዓይን ግፊት ነው አሉት፤ ዘግይተሃልም አሉት። የመጨረሻውን ሽቦ የበየደው መብራቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ነው። ከዚያ ጨለመ። አውሮፕላኗ አንድ ቀን እንኳ ሳትበር ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም አልጋው ላይ ተቀመጠ።

በነጭ በትር መሄድና በጣት ማንበብ የሚያስተምሩበት ቦታ ከቤታቸው ሩቅ አይደለም። ሙሉነሽ ደጅ ጠንታ ቦታ አገኘችለት፤ በትሩንም ይዛለት መጣች። እሱ ግን ወይ ፍንክች! በትሩን በጣቱ ጫፍ እንኳ አልነካውም። እጁን ይዛ ሽንት ቤት የምታደርሰው እሷ፣ ልብሱን የምታጥበው እሷ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፋብሪካ ቆማ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የምታድረውም እሷ። አንድ ቀን ቆሽቷ አረረና «እኔስ ሰው አይደለሁም?» ብላ አለቀሰችበት። እውነቱ እንዲህ አለ፦

«እሺ ሙሌ። ያቺ አውሮፕላን ስትበር አንድ ጊዜ ልስማት። በላዬ ላይ ትለፍ። ከዚያ በትሩን እይዛለሁ፤ በጌታ ስም።»

ሰው እንቅልፍ ለማግኘት ሲል የማይማረው ነገር የለም። ሙሉነሽ አውሮፕላን ማብረር መማር ጀመረች።

የሚሄዱት ዓለም ገና ዳር ወዳለው የኦቦ ቀጄላ ማሳ ነው። ጤፉ ታጭዶ ባዶ ሆኗል። ሽማግሌው «ላሞቼን እንዳታስደነብሩብኝ እንጂ፣ መሬቱስ ምን ይሆናል!» ብለው ፈቅደውላቸዋል፤ ደግሞም ከላሞቹ ይልቅ የሚደነብሩት እሳቸው ናቸው። ችግሩ ንፋሱ ነው። በበጋ ንፋስ የሚተኛው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ሙሉነሽ ፋብሪካ ውስጥ ናት። እሷ ወጥታ፣ እሱን ይዛ፣ ባጃጅ ጠብቃ ማሳው ጋ ስትደርስ ንፋሱም እንደሷ ከእንቅልፍ ተጣልቶ ይጠብቃታል።

«ንፋሱን ፊት ለፊት ይዘሽ ልቀቂያት» ይላታል እውነቱ መሬት ላይ ተቀምጦ። «ክብደት የላትም። ጀርባዋን ከሰጠችው ይዟት ይሄዳል።» ይህን ሁሉ የሚያውቀው ዓይኑ ደህና ሳለ ስልኩ ላይ ካያቸው ቪዲዮዎች ነው። እሱ ራሱ አንድ ቀን አብርሮ አያውቅም። ዋናን በወሬ የተማረ ሰው ሌላውን ገፍትሮ ወንዝ ሲያስገባ ማለት ነው። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሙሉነሽ ያን ማንም ያልፈለገውን በትር መሬት ትተክልና እጀታው ላይ የፌስታል ቁራጭ ታስርበታለች። ቢያንስ ለአንድ ነገር ይጥቀም ብላ።

ከሁሉ የከበዳት አውሮፕላኗ ዞራ ስትመጣ ነው። «ፊቷን ወዳንቺ ካዞረች ሁሉም ነገር ይገለበጣል» ይላታል፤ «ግራዋ ላንቺ ቀኝሽ ነው።» ጆሮዋ ይሰማል፤ የሌሊት ፈረቃ ያፈዘዘው እጇ ግን አይሰማም። ቀኝ ልትልካት ስትፈልግ ማዞሪያዋን ቀኝ ትገፋለች፣ እሷ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ከዚያ ኳ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሙሉነሽ ሳትቸኩልም ታፈሳለች። ክንፏን ከገለባ ውስጥ፣ ጭራዋን ከእበት ላይ ትለቅማለች። ማታ እውነቱ በዳሰሳ መልሶ ያጣብቃታል።

አንድ ቅዳሜማ በጣም ደክሟት ልታታልለው ሞከረች። ሞተሩን አስነስታ አውሮፕላኗን በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ዙሪያውን ሮጠች። ኦቦ ቀጄላ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ያያሉ።

«ሙሌ» አላት እውነቱ፣ «አውሮፕላን ጫማ ታደርጋለች እንዴ?»

ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ውስጥ የእሷ እንባ ነበረበት፤ እንዳይሰማባት ግን ድምፅዋን ዋጠች።

ዛሬ ቀልድ የለም። ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል፤ ካልሄደ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። አውሮፕላኗም ከፎሟ ይልቅ ማጣበቂያዋ በዝቶ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከወደቀች የምትጠገን አይደለችም። ይህን እውነቱ ራሱ ጣቱን ክንፏ ላይ እያሳለፈ ባጃጅ ውስጥ ነግሯታል። ነግሯትም አኮረፈ፤ እሱም ፈርቷል።

«አካም ቡልተኒ» ብለው ሰላም አሉ ኦቦ ቀጄላ፣ ጋቢያቸው በንፋሱ እየተርገበገበ። «ዛሬ እንኳ ይቅርባችሁ። በዚህ ንፋስ ቁራም አልወጣም።»

«አይቀርም ኦቦ» አለች ሙሉነሽ። «እርስዎ ብቻ ከኋላዬ ቆመው ይዩልኝ። ዓይኔ በእንቅልፍ ተጨናብሷል።»

እውነቱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። በትሩን ተከለች፣ ፌስታሉ ተንሿሿ። ሞተሩን አስነሳች፤ ወደ ንፋሱ ወረወረቻት። አውሮፕላኗ ዝቅ አለች፣ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ንፋሱ ከሥር አነሳትና ወጣች። ፊት ለፊት እየታገለች ሄደች፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ ግን የቆመች ነው የምትመስለው። ሙሉነሽ ትንፋሿን ይዛ ቀስ ብላ አዞረቻት።

ዞረች። አሁን ንፋሱን ጀርባዋ ላይ አዝላ ወደ እነሱ እየበረረች ነው። ያን ጊዜ አንድ ኃይለኛ ንፋስ ከጎን መጣና ከሙሉነሽ በስተግራ ወዳለው ባሕር ዛፍ ገፋት። ሙሉነሽ ማዞሪያዋን ይዛ ደረቀች። ግራዋ ቀኝ፣ ቀኟ ግራ... ሁሉም ነገር ከጭንቅላቷ ጠፋ።

«ግራ ገባኝ!» ብላ ጮኸች።

«ገረ ሚርጋ!» ብለው ጮሁ ኦቦ ቀጄላ ከኋላዋ። «ሙሉነሽ፣ ገረ ሚርጋ! ገረ!»

ሙሉነሽ የወላይታ ልጅ ናት። አማርኛውንም አጥርታ የያዘችው ፋብሪካ ከገባች በኋላ ነው፤ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍላትም። ጆሮዋ የያዘው «ግራ!» የሚለውን ብቻ ነው። ማዞሪያዋን በሙሉ ኃይሏ ወደ ግራ ገፋችው።

አውሮፕላኗ ከባሕር ዛፉ ጫፍ ዞር ብላ ወደ ማሳው መሃል ተመለሰች። ተመልሳም አልቆመችም፤ ንፋሱ ይዟት በረረ። በሙሉነሽ ራስ ላይ፣ ከዚያ በእውነቱ ላይ እየጮኸች አለፈች፤ ኮፍያውን ልትወስደው ምንም አልቀራትም። ሙሉነሽ ልትመልሳት ማዞሪያዋን ብትገፋም አልሰማቻትም። ከኦቦ ቀጄላ የጭድ ክምር ማዶ ሄዳ ወረደች። ሞተሩ ዝም አለ።

ሙሉነሽ ቁጭ አለች። እውነቱ ድምፁ በሄደበት በኩል ፊቱን እንዳዞረ ቀርቷል።

«ሰማሃት?»

«ሰማኋት። እንዴት መለስሻት?»

«ኦቦ ቀጄላ ግራ አሉኝ፣ ግራ ገፋሁ።»

እውነቱ ሰበታ ተወልዶ ያደገ ነው። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሙሌ! ‹ገረ› ማለት እኮ ‹ወደ› ማለት ነው! ወደ ቀኝ ነው ያሉሽ!»

«ታዲያ እንዴት...»

«ፊቷን ወዳንቺ አዙራ እየመጣች ነበራ! እሳቸው ቀኝ አሉ፣ አንቺ ግራ ሰማሽ፣ እሷ ቀኝ ሄደች።»

ሙሉነሽ ለመሳቅም አቅም አልነበራትም። አሁን ሰበብ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ በደንብ አልሰማኋትም፣ ንፋሱ ጮኸብኝ፣ ሌላ ቅዳሜ ይሁን ይላል። እንዲህ ቢል ምን እንደምታደርግ አታውቅም። እዚያው ማሳ ላይ ጥላው የምትሄድ መሰላት፤ ይህን በማሰቧም አፈረች።

«በትሩን ስጪኝ» አለ እውነቱ።

ነቅላ ሰጠችው። እጁ መጀመሪያ ያገኘው ፌስታሉን ነው። ዳሰሰው።

«ይሄ ነበር ለካ በየቅዳሜው አጠገቤ የሚንሿሿው?»

«ልፍታው?»

«ተዪው።»

ከጭድ ክምሩ በኩል የኦቦ ቀጄላ ድምፅ መጣ። «አገኘኋት! ጭዱ ላይ ተኝታለች! እውነቱ፣ ኮቱ፣ ና!»

እውነቱ ተነሳ። በትሩን ከፊቱ መሬት ላይ እያሳረፈ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሄደ። ትልም አደናቀፈውና በጉልበቱ ወደቀ። ሙሉነሽ ልትነሳ እጇን መሬት ላይ ተከለች። እሱ ግን በበትሩ ዳሰሰ፣ ተነሳ፣ ትልሙን ተሻገረ።

«ገረ ቢታ!» አሉ ኦቦ ቀጄላ ከሩቅ።

ግራ ይሁን ቀኝ ሙሉነሽ አላወቀችም። እሱ ያውቃል። እጇን ከመሬቱ አነሳች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሷ ሥር አደረገችና እዚያው ገለባው ላይ ተኛች።