ለመኪና ዕዳ የተላኩ ሽማግሌዎች

ወንድይራድ ሰው ገንዘብ ሲለምነው እምቢ ማለት አያውቅም፤ ያበደረውን መጠየቅ ደግሞ ከናካቴው አልፈጠረበትም። ሌላ ሌላውማ ይችላል። በረዶ ላይ ታክሲ መንዳት ይችላል፤ ከሰካራም ተሳፋሪ ሒሳብ መቀበል ይችላል። «ያቺን ገንዘብ እኮ» ብሎ አፉን መክፈት ሲመጣ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ ነው በፈረንጆች ሰማንያ አራት፣ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ መኪናውን ሊነጠቅ የደረሰው።

መኪናዋ አረንጓዴ ቼቭሮሌት ናት፣ አሮጌ ግን ጠንካራ። ቀን ታክሲ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ማመላለሻ፣ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ አሜሪካ የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ሁሉ ዕቃ ማጓጓዣ ነበረች። ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከአንድ አሮጌ መኪና ሻጭ ድርጅት፣ በየወሩ መቶ አርባ ዶላር ሊከፍል ተፈራርሞ ነው የገዛት። አራት ወር አልከፈለም። አራት ጊዜ መቶ አርባ፣ አምስት መቶ ስልሳ ነው፤ ይህን ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ ሚስተር ኮልማን የሚባለው የድርጅቱ ገንዘብ ሰብሳቢ ግን በየማታው እራት ሰዓት ላይ እየደወለ ያስታውሰው ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ስልኩን የምታነሣው ሚስቱ አጸደ ነበረች። «ኖት ሆም» ትልና ትዘጋለች። አንድ ቀን እሷ ሥራ ውላ ሳትገባ ስልኩ ጮኸ፤ ወንድይራድም ሳያስበው አነሣው። ያው ሰውዬ። ወንድይራድ ድምፁን ቀጠን አድርጎ «ሚስተር ወንድይራድ ኢትዮጵያ ሄዷል» አለ።

«መቼ ይመለሳል?» አለ ኮልማን።

«አይታወቅም። ምናልባት ለበጋ።»

«መልካም ጉዞ ብሎሃል በልልኝ፣ ሚስተር ወንድይራድ» ብሎ ኮልማን ስልኩን ዘጋ። ወንድይራድ እራቱን አልበላም።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጣ። እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ገንዘቡ ካልተከፈለ ወይም ቢሮ ቀርቦ ካልተነጋገረ መኪናዋን መጥተው ይወስዷታል። አጸደ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ስድስት መቶ ዶላር ሰው እጅ አለህ። ለምን አትጠይቅም?»

እውነቷን ነው። የኮልማን ገንዘብ የትም አልጠፋም። ሁለት መቶ ሃምሳው ጋሽ ቢራቱ ጋ ነው፤ ልጃቸውን ሲድሩ ለአዳራሽ ኪራይ ገንዘብ አጥሯቸው ነበር። ሁለት መቶው ሀጂ ሙሐመድሁሴን ጋ ነው፤ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ለከፈቷት ሱቅ የሥጋ ማቀዝቀዣ ገዙበት። መቶ ሃምሳው አቶ ሠረቀብርሃን ጋ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ጉዳይ ለያዘላቸው ጠበቃ ሰጡት። ሦስቱም ለሁለት ሳምንት ብለው ነበር የወሰዱት፤ ይኸው ስድስት ወር ሊሆነው ነው።

«ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አለ ወንድይራድ። «ምን ብዬ ፊታቸውን አያለሁ?»

«ታዲያ መኪናዋ ስትወሰድ ምን ልትሆን ነው?»

«አስቤበታለሁ። ኮልማን ጋ ሽማግሌ እልካለሁ።»

አጸደ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። «ማንን ማንን?»

«ጋሽ ቢራቱን፣ ሀጂን፣ አቶ ሠረቀብርሃንን።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። እንደማይቀልድ ስታውቅ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ባለዕዳዎችህን» አለች ትንፋሿን ስታገኝ። «ገንዘቤን መልሱልኝ ከምትላቸው ይልቅ፣ ፈረንጅ እግር ላይ ውደቁልኝ ልትላቸው ነው?»

ወንድይራድ የሚያስቅ ነገር አልታየውም። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌ ደግሞ ከመንገድ አይለቀምም፤ የተከበረ ሰው ነው የሚላክ። የተከበሩት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ምን ያድርግ?

ስልክ ሲደውልላቸው ሦስቱም በመጀመሪያ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሽምግልና መሆኑን ሲሰሙ ግን እንዴት ደስ እንዳላቸው። ሀጂ «አንድ ጊዜ ብቻ? ሁለቴ ሦስቴም እንሄድልሃለን» አሉት።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱን ከየቤታቸው ሰብስቦ፣ ልትወሰድ በተቃረበችው መኪና ጭኖ ጉዞ ወደ አሌክሳንድሪያ ሆነ። ጋሽ ቢራቱ የቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ሽማግሌ ናቸውና እሁድ የሚለብሱትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ሀጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል። አቶ ሠረቀብርሃን አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ይቆርጣሉ፤ ፀሐይ ቢሆንም ጃንጥላ ይዘዋል። መንገድ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚያባብል፣ ማን እንደሚቆጣ ተከፋፈሉ። እንግሊዝኛቸው ለሥራ እንጂ ለሽምግልና የሚሆን ስላልሆነ አስተርጓሚው ራሱ ወንድይራድ እንዲሆን ተወሰነ። አጥፊው እዚያው ቆሞ የራሱን ጥፋት ሲተረጉም ማየት ያልተለመደ ነው፤ ግን አሜሪካ ነው፤ ምን ይደረግ።

ኮልማን ወፍራም፣ ራሰ በራ፣ ፊቱ የደከመው ሰው ነው። ሦስቱ አዛውንት ተሰልፈው ሲገቡበት ከወንበሩ ተነሣ። «ተቀመጡ» አለ።

ማንም አልተቀመጠም። ለሽምግልና የሄደ ሰው ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ይህን የማያውቅ ኮልማን ብቻ ነበር። ወንበር የጎደለ መስሎት ከሌላ ክፍል ሁለት ወንበር ጎትቶ አመጣ። አሁንም ቆሙ።

«ምን ሆነዋል?» አለ ወንድይራድን።

ይህን ሁሉ ባህል በእንግሊዝኛ ከየት ይጀምረው? «ወገባቸውን ያማቸዋል» አለ።

ኮልማን አዘነላቸው። እሱም ለካ ወገቡን ይታመማል። ከወንበሩ ላይ የራሱን ትራስ አንሥቶ ለጋሽ ቢራቱ አቀበላቸው። ጋሽ ቢራቱ ትራሱን በሁለት እጃቸው በአክብሮት ተቀበሉ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ስላላወቁ ደረታቸው ላይ አቅፈው ንግግር ጀመሩ።

«ልጃችን አጥፍቷል። አላጠፋም ብለን አልመጣንም።»

«አጥፍቻለሁ» ብሎ ወንድይራድ ተረጎመ።

«ጨዋ ነው፤ የጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ዝርክርክ ነው» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን ጃንጥላቸውን ወደ እሱ እየቀሰሩ። የቁጣው ተራ የእሳቸው ነበር። «የሰው ገንዘብ ይዞ አራት ወር የሚደበቅ፣ ስልክ ላይ የሚዋሽ፣ ያሳፈረን ልጅ ነው።»

ወንድይራድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጨዋ ሰው ነኝ ይላሉ» አለ ለኮልማን።

«በትክክል ተርጉም» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን። ሃያ ዓመት አስተርጓሚ ሲያስፈራሩ የኖሩ ዳኛ ናቸው፤ ማን ያታልላቸዋል። ወንድይራድም አንገቱን ደፍቶ ዝርክርክነቱን፣ ውሸቱንና አሳፋሪነቱን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ደረደረ። ኮልማን በጽሞና አዳመጠ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ራሱን እንዲህ የሰደበ ባለዕዳ ገጥሞት አያውቅም።

«እሺ» አለ መጨረሻ ላይ። «እኔ መኪናህን አልፈልግም። ጓሮ ውስጥ የማይሸጡ አሥራ ሁለት መኪናዎች አሉኝ። ዕቅድ ብቻ አሳየኝ። ውዝፉን ከፋፍለህ በአራት ወር እንድትጨርስ ላደርግልህ እችላለሁ።»

«እሺ አለ?» አሉ ሀጂ።

«እሺ አለ።»

ሦስቱም እኩል ተቀመጡ። ኮልማን ወገባቸው በአንዴ የዳነው በምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ትንሽ አያቸውና ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። የገቢና የወጪ ቅጽ ነው። ገቢ፣ ኪራይ፣ ምግብ፣ ቤንዚን፣ ሁሉም በየመስመሩ ይሞላል። ሽማግሌ ጉዳዩን ከሥሩ ማወቅ አለበትና እያንዳንዱ መስመር እንዲተረጎምላቸው አዘዙ። ስለ ቤንዚኑ ተከራከሩ። ለስልክ ይህን ያህል ትከፍላለህ ወይ ብለው ተቆጡ። አገር ቤት ለእናቱ የሚልከው መቶ ዶላር ላይ ሲደርሱ ግን «እሱ አይነካም» ብለው ሦስቱም ባንድ ቃል ወሰኑ፤ ኮልማንም ሳይወድ ጻፈ።

ኮልማን ደመረ፣ ቀነሰ። ፊቱ ተኮሳተረ። ወንድይራድ ወርሃዊውን መቶ አርባ ይችላል፤ ለውዝፉ ግን ሰባራ ሳንቲም አይተርፈውም። እርሳሱን ወደ መጨረሻው መስመር አወረደ።

«አንተ ያበደርከው፣ ዕዳ ያለበት ሰው አለ?»

«የለም» አለ ወንድይራድ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ማንም?»

«ማንም የለም።»

«ምንድን ነው የጠየቀህ?» አሉ ጋሽ ቢራቱ።

ወንድይራድ ቅጹ ላይ አቀረቀረ። «ልጅ አለህ ወይ ነው የሚለኝ።»

ጋሽ ቢራቱ ትራሱን አዩ። ሀጂ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። የእንግሊዝኛ ንግግር አይሆንላቸውም እንጂ ሦስቱም ኮልማን ያነሣውን ዕዳ የሚል ቃል ያውቁታል፤ በየወሩ በፖስታ የሚመጣላቸው ወረቀት ሁሉ ላይ የተጻፈ ቃል ነው።

ኮልማን ወረቀቱን ገፋ አደረገ። «እንግዲያው ላግዝህ አልችልም። አዝናለሁ። መኪናዋን እዚሁ ትተሃት ትሄዳለህ።» እጁን ዘረጋ።

ወንድይራድ ቀና ብሎ ሰዎቹን አላየም። ቢያያቸው እንደጠየቃቸው ይቆጠራል። ነገ ጠዋት ታክሲ የለም፤ ኪራይ የለም፤ ለእናቱ የሚላክ የለም፤ አጸደ ደግሞ አትስቅም። ይህን ሁሉ አሰበ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እንዴት ያለ ሰው ነው። የገዛ ገንዘቡ ሦስት ወንበር ላይ ተቀምጦ እያየው እኮ ነው።

«ቁልፉን አንሣ» አሉ ጋሽ ቢራቱ።

ወንድይራድ ቁልፉን ወደ ኮልማን ገፋ አደረገው።

«አንሣ አልኩህ። ሰውዬውንም ጻፍ በለው። ቢራቱ ዋቅጅራ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«ኧረ ጋሽ ቢራቱ፣ ግዴለም፣ ሌላ ጊዜ…»

«ሙሐመድሁሴን፣ ሁለት መቶ» አሉ ሀጂ ወደ ወለሉ እያዩ።

አቶ ሠረቀብርሃን ተነሥተው ቆሙ፤ ችሎት ፊት የቆሙ መሰላቸው መሰለኝ። «ሠረቀብርሃን፣ መቶ ስልሳ።»

«መቶ ሃምሳ ነው» አለ ወንድይራድ።

«መቶ ስልሳ ነው። አሥሯን ለታክሲ ብለህ ጨምረህልኛል። ፍርድ ቤት አታሳስት።»

ወንድይራድ ሦስቱንም ተረጎመ። ኮልማን እርሳሱን አስቀምጦ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። «ይቅርታ» አለ። «አንተ ያበደርካቸው ሰዎች ናቸው ስላንተ ሊለምኑኝ የመጡት?»

«አዎ።»

«ለምን ራሳቸውን አልጠየቅካቸውም?»

ኮልማን መልስ አልጠበቀም። መሳቢያውን ከፍቶ ሦስት ቅጽ አወጣና በሦስቱ ፊት አንድ አንድ ዘረጋ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። እያንዳንዳቸው ዕዳቸው እስኪያልቅ ድረስ በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር በወንድይራድ ስም በቀጥታ ለድርጅቱ ሊከፍሉ ፈረሙ፤ ውዝፉ ተዘግቶ የሚተርፈው ወደ ፊት ለሚመጣው ወር ይያዝለታል። ሽማግሌ ሆነው ገቡ፣ ባለዕዳ ሆነው ወጡ። ኮልማን እስከ በሩ ሸኛቸውና ጋሽ ቢራቱን ስልክ ቁጥራቸውን ጠየቃቸው፤ ውድብሪጅ የሚኖር፣ ስልክ የማያነሣ ሌላ ሐበሻ ደንበኛ አለው።

ሲመለሱ ወንዙ ላይ ያለውን ትልቅ ድልድይ ተሻገሩ። ከዚያ ጋሽ ቢራቱ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው «ለምን አልነገርከንም?» አሉ።

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው ጋሽ ቢራቱ። እንዳላስቀይማችሁ ብዬ።»

«እኛስ ለምን የጠፋንብህ ይመስልሃል?»

ወንድይራድ ሥራ ይዟቸው ነበር የመሰለው። አሜሪካ ነው፣ ሁሉም ይሯሯጣል ብሎ ነበር። ከገና ወዲህ ከሦስቱ አንዱም ቤቱን አልረገጠም፤ ለአጸደ ሳይነግራት በሆዱ ይዞት ከፍቶት ነበር።

«እኔ የእናንተን ሥጋ አልበላም» አሉ ሀጂ ከኋላ። «ሁዳዴ ሲገባ ግን የአጸደ ሽሮ የኔ ነው። ዓመት ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነው። ዘንድሮ አንድ ቀን መጣሁ? ባለፈው እሁድ በርህ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። የልጁን ገንዘብ ይዤ እንጀራውን በምን አፌ ልብላ? ብትጠይቀኝ እኮ ጥሩ ነበር። ብትጠይቀኝ የለኝም እልሃለሁ፤ ትቆጣለህ፤ እቆጣለሁ፤ እንታረቅና እበላለሁ። አንተ ዝም አልክ። ዝም ስትል ምን ልሁን?»

አቶ ሠረቀብርሃን በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ «እኔ ልደውልልህ ስንት ጊዜ ስልክ አንሥቻለሁ መሰለህ» አሉ።

ወንድይራድ እንባው መጣ። ስድስት ወር ሙሉ እነዚህን ሰዎች ላለማጣት ብሎ ጥርሱን ነክሶ፣ ለካ እያጣቸው ነበር። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቃረቡ።

«እሁድ ስድስት ሰዓት ለምሳ ኑ» አለ ወንድይራድ። «ሦስታችሁም።»

«እንመጣለን» አሉ ሀጂ።

ወንድይራድ መሪውን ጨብጦ ትንፋሹን ሳበ። «ሀጂ» አለ፤ «የመጀመሪያዋ ሃምሳ ዶላር በሚመጣው ወር በአምስተኛው ቀን ነው የምትከፈለው። እንዳትረሱ።»

ሀጂ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ፤ ከጫንቃቸው ላይ ሸክም የወረደላቸው ያህል ተነፈሱ።

«አልረሳም ልጄ» አሉ። «አሁን ረሃቤ መጣ።»