የአባቴ ሰባት ቤት

አባቴ ክንዱ ይታገሱ ሲሞት መንደሩ በሙሉ አለቀሰለት። ማልቀሱም ተገቢ ነው፤ ከሊበን ወዲህ እስከ ጣና ዳር ማረሻ የሚያበጅ ሌላ ሰው አልነበረም። በሕይወት ሳለ ግን ልጆቻቸውን ከዓይኑ ይሸሽጉ ነበር። ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይሉታል። እሱ በቀጠቀጠው ማረሻ የበቀለውን ዳጉሳ ሲበሉ ግን አንድም ቀን ሆዳቸውን አልቆረጣቸውም።

አባቴ የተናዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእኛ አገር አልቃሽ የሟቹን አባቶች እስከ ሰባት ቤት እየጠራች ታስለቅሳለች። የእኛ ቤት ሰው ሲሞት ግን ከአባቱ አልፎ የሚጠራ የለም። "እኔን እስከ መሐሪ ድረስ ቁጠሩኝ" አለ። ሰባተኛው ቤታችን መሐሪ ቤተ እስራኤል ነው። ወናፉንና ሚስቱን ይዞ መጥቶ ይህን የሐይቅ ዳር ጫካ መጀመሪያ የመነጠረው እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መዶሻ አያነሣም ነበር ይባላል። የልጅ ልጆቹ ክርስትና ተነሡ፤ ቡዳነታችን ግን በጠበልም አልለቀቀም።

በቀብሩ ዕለት አልቃሿ እትዬ ንግሥቴ አባቴን ጠሩ፤ አያቴን ይታገሱን ጠሩ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ያዛቸው።

"ይቀጥሉ እንጂ፣ እትዬ" አልኩ።

"ኧረ ይበቃል!" አሉ አያ ክንፈሚካኤል ከወንዶቹ መካከል። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የራሳቸውን ዘር ሲቆጥሩ ንጉሥ ጋ ካልደረሱ አያቆሙም። "ሟቹን አታዋርጂው። ሬሳው ይነሣ!"

ሬሳው ተነሣ። አባቴ በሁለት ቤት ተቀበረ።

በሠላሳኛው ቀን አያ ክንፈሚካኤል ደጄ ላይ ቆሙ። ልጃቸው ውዳሴ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተመዝግባ፣ የቤተ እስራኤል ዘርሽን ቆጥረሽ አምጪ ተብላ ኖሯል።

"አቻምየለሽ እናቴ፣ በረታሽ? እንዲያው... የገደፋው እኅት ለእኛ ቤት አልተዳረችም ኖሯል?"

"የቱ ገደፋው?"

"የናንተው ነዋ! የገብረሰንበት ልጅ፣ የመሐሪ የልጅ ልጅ።"

ለካስ ያውቁታል። ጉሮሯቸውንም አልያዛቸውም።

"እኛ ቡዳ አይደለን እንዴ፣ አያ?"

"ኧረ እቴ! የድሮ ሰው ወሬ ነው።"

ድሮ ያሉት ሠላሳ ቀን መሆኑ ነው።

"አባቴ ሳይቆጠር እኔ ምንም ትዝ አይለኝም" አልኳቸው። "የአርባው ዕለት ሰው ሁሉ ባለበት እርስዎ ይቁጠሩት።"

"እኔ? አልቃሽ እያለች?"

"እትዬ ንግሥቴን ጉሮሯቸውን ያማቸዋል።"

በአርባው ከድንኳኑ መካከል ቆሙ። ነጠላቸውን አደገደጉ። "ክንዱ! ይታገሱ! ሰውነት! ተስፋው!" እያሉ ሲጠሩ ሕዝቡ በየስሙ "ወየው" ይላል። ገደፋው ጋ ሲደርሱ "አማቻችን" የምትል ጨመሩ። ገብረሰንበትን ጠሩ። "ይህን አገር ያቀና መሐሪ!" ሲሉማ እንባቸው ወረደ። እትዬ ንግሥቴም ድምፃቸው ተመለሰ፤ ከሁሉ በላይ ጮኹ። ይበቃል ያለ የለም። እኔም ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ሰው ሲበተን አያ ክንፈሚካኤል ጠጋ አሉ።

"እንግዲህ ትዝ አለሽ?"

"አለኝ" አልኳቸው። "ገደፋው እኅት የለውም። አንድ ለእናቱ ነበር።"