አራት መቶ ግራም

የጃፓኗ ወደብ የሳካታ ሰው በሩዙና በባሕሩ አይዋሽም፤ በቴሩኦ ማጋራ ደግሞ ጨርሶ አይዋሽም። ከዚህ የሚከተለው ሁሉ፣ ከቁጥሩ እስከ ላቡ፣ አንዲት ጠብታ ያልተጨመረበት እውነት ነው። የሚጠራጠር ቢኖር የክረምቱ ንፋስ ጣሪያውን ነቅሎ ኮሪያ ያድርስለት።

ማጋራ ሚዛኑ ላይ ቆሟል። ከቁምጣው በቀር ምንም አልለበሰም። የስፖርት አዳራሹ የኋላ ክፍል እንደ ዓሣ መጋዘን ይበርዳል፤ ከሰውየው ትከሻ ግን ከእርሻ በሬ እንደሚነሣው ያለ እንፋሎት ይወጣል። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ። መነጽሩን ወልውሎ ደገመው።

«መቶ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም» አለ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

በጁኒየር ከባድ ሚዛን ነፃ ትግል ሕጉ ቀጭን ነው፤ ከመቶ ኪሎ በአንድ ግራም ያለፈ ለሻምፒዮንነቱ ቀበቶ አይታገልም።

«እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ አንድ ሰዓት አለህ። ካልቀነስክ ሌላ ሰው እተካለሁ።»

ማጋራ ዓይኑን ጨፈነ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ሥልጠና ሊገባ ሲሄድ «አጭር ነህ» ብለው በሩን ዘግተውበት፣ በሩ ሥር ሦስት ቀን በረዶ ላይ ተቀምጦ ያስከፈተ ሰው ነው። በቀን አምስት ሺህ ጊዜ ቁጭ ብድግ ይሠራ ስለነበር ላቡ ያረፈበት ወለል ሩዝ ለማብቀል ምንም አልቀረውም። ለቀበቶው ሰባት ጊዜ ታግሎ ሰባቴ ወድቋል፤ ሰባቴውም በፀጉር ውፍረት። ግራ ጉልበቱ ከአጥንት ይልቅ ፋሻ ሆኗል። ዛሬ፣ በተወለደበት ከተማ፣ ስምንተኛውና የመጨረሻው ነው። ከዛሬ በኋላ እንደማይታገል ለትግል ማኅበሩ ቃሉን ሰጥቷል።

ጠዋት ከባቡር ሲወርድ ዘጠና ስምንት ተኩል ነበር። ያጠፋው ከጣቢያው እስከ አዳራሹ በእግሩ መሄዱ ነው። የገበያው መንገድ ዐሥራ አንድ ምግብ ቤት አለበት፤ ዐሥራ አራት የሚሉም አሉ። አንድ የሳካታ ሰው በሁለት እጁ ያቀረበልህን እምቢ ማለት ደግሞ በጥፊ ከመምታት ይከፋል።

«ቴሩ! እንዲህ መንምነህ ነው ሻምፒዮን የምትሆነው?» ብሎ ነበር የኑድል ቤቱ ባለቤት ዩኪማሳ መንገድ ላይ ጠብቆ።

«ጋሼ፣ ሚዛን አለብኝ።»

«ሾርባ ምን ሚዛን አለው? ውኃ እኮ ነው!»

ቀጥሎ ዓሣ ጠባሿ አሮጊት እጅጌውን ያዙት። «አባትህ የእኔን ዓሣ አይቶ አልፎ አያውቅም። አንተ ቶኪዮ ገብተህ አፍንጫህ ተቀየረ መሰለኝ!» በላ። ቀጣዩ ቤት ያቀረበለትን የሩዝ ቂጣም በላ። በየበሩ ጎንበስ እያለ እያመሰገነ፣ እየፈራ፣ እየበላ አዳራሹ ደረሰ።

አሁን በሩ ተከፍቶ ሻምፒዮኑ ሪኩቶ ናሩሚ ገባ። ዕድሜው ሃያ አራት ነው። በትግል ቤቱ ወግ ጀማሪ ለአንጋፋው ያድራልና፣ አራት ዓመት ሙሉ የማጋራን ካልሲ ያጠበና ጀርባውን ያሸ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ምን በልተው ነው?»

«ከተማውን።»

ሪኩቶ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ጎንበስ አለ። «እርስዎን ሳልጥል የማስረው ቀበቶ ለእኔ የሱሪ መቀነት ነው። እባክዎ፣ ይድረሱ» ብሎ ወጣ።

ማጋራ የዝናብ ካፖርት ደርቦ ደረጃውን መቶ ጊዜ ወጣ፣ መቶ ጊዜ ወረደ። ላቡ በደረጃው እየወረደ የጽዳት ሠራተኛውን ባልዲ ይዞ ሄደ። መቶ ግራም ብቻ ቀነሰ። ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ያላቸው እትዬ ኦቶዋ መቀሳቸውን ይዘው ከች አሉ። ወገቡ ላይ የሚደርሰው የማጋራ ፀጉር ሃያ ዓመት መቀስ አልነካውም፤ ሰው ስሙን ሳይሰማ በፀጉሩ ያውቀዋል።

ፀጉሩን በእጁ ጨበጠ። ካለዚህ ማን እንደሆነ ለራሱም እርግጠኛ አልነበረም።

«ይቁረጡት፣ እትዬ።»

መቀሱ ጮኸ። የወደቀው ፀጉር ሁለት ፍራሽ ይሞላ ነበር። ሚዛኑ ላይ ወጣ። መርፌው ተወዛወዘ፣ አመነታ፣ መቶ ላይ ቀጥ አለ። ዳኛው አለቀሰ፤ ልበ ድንጋይ ተብሎ የሚታወቀው ዳኛ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሺህ ሰው በሚይዘው አዳራሽ ዘጠኝ ሺህ ሰው ነበር፤ የተረፈው ጣሪያው ላይ ወጣ። ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ ቢጫ የወረቀት ጥብጣብ ወረወረ፤ በገመድ የታጠረው የትግል መድረክ ከጥብጣብ ሥር ጠፍቶ ሩብ ሰዓት ተፈለገ።

ሪኩቶ ምሕረት አልነበረውም። አንሥቶ ዘረጋው፣ ጉልበቱን ጠመዘዘው፣ ደረቱን በጥፊ ሲለው ድምፁ ወደብ ላይ ያሉ ጀልባዎችን አስደነገጠ።

«ተነሥ እንጂ ቴሩ! ሾርባዬን በከንቱ ነው እንዴ የጠጣኸው?» ዩኪማሳ ከፊተኛው ረድፍ አንቧረቀ።

ማጋራ ተነሣ። ሪኩቶን ወለሉ ላይ ጥሎ፣ በአንድ እግሩ እየተጎተተ የላይኛው ገመድ ላይ ወጣ። ከዚያ ከፍታ የሁሉም ፊት ታየው። ሰባት ጊዜ እዚህ ቆሞ ሰባቴ የወደቀበት ምክንያት አሁን ገባው፤ ሰባቴውም ላለመውደቅ ነበር የዘለለው። ዛሬ ሊወድቅ ዘለለ። አየር ላይ ተገልብጦ የቆየበትን ጊዜ ለመግለጽ ይህ ይበቃል፦ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉ ሴትዮ መንደሪን ልጠው፣ ለልጃቸው አካፍለው፣ ፍሬውን እስኪተፉ ድረስ አልወረደም።

ሪኩቶ ላይ ወደቀ፤ ትከሻውን ከወለሉ አጣብቆ ሳለ ዳኛው ቆጠረ፦ አንድ። ሁለት። ሦስት!

አዳራሹ ፈነዳ። ሪኩቶ ተንበርክኮ ቀበቶውን በገዛ እጁ አሰረለት፤ «ጋሼ፣ ጠበበዎት እኮ» አለው እያለቀሰ። ማጋራም እያለቀሰ «ከተማው ነው፣ ከተማው» አለ። ጃፓን ባሕር እንኳ ለአንድ ደቂቃ ማዕበሉን አቆመ።

ይህ ታሪክ በእትዬ ኦቶዋ ፀጉር ቤት ሲተረክ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ እጃቸውን እስኪያማቸው አጨበጨቡ። አንድ ከሌላ አገር የመጣ መርከበኛ ዓይኑን ጠረገ። እትዬ ኦቶዋ የደንበኛቸውን ማጅራት እየላጩ ነበር። ቀና አላሉም።

«ፀጉሩንስ ቆርጬዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ፀጉር ስንት ይመዝናል? ሚዛኑ አልወረደም። ሪኩቶ ከሌላ ልጅ ጋር ነው የተጋጠመው።»

የሚያጨበጭቡት እጆች ወረዱ።

«ማጋራ አዳራሹ ውስጥ ከእኔ ጎን፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበር። እንደዚያ የተላጨ ሰው ማንም አላወቀውም። ሪኩቶ ከገመዱ ላይ ሲዘል ብድግ ብሎ ‹ያ የእኔ ልጅ ነው!› ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።»

ምላጩን ወልውለው ወደ ደንበኛቸው ጆሮ ተመለሱ።