በአደማር ስም የተመዘገቡ ሥራዎች

እኛ ቢሮ ውስጥ ሰው ሥራ ሠራ የሚባለው ካርዱ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ “የሚሠራ”፣ “በመሠራት ላይ” እና “ያለቀ” የሚሉ ዓምዶች አሉ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ካርድ፣ ካርዱ ላይ የአንድ ሰው ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ ራይት እየተደረገበት የሚወርድ ቼክሊስት አለው። ጠዋት ጠዋት ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻያችንን እየጠጣን ስክሪኑ ፊት እንቆምና ትናንት የትኛውን ካርድ እንደዘጋን እንናገራለን። ካርድ የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ሠርቶ የማያውቅ መሆን አለበት እላለሁ፤ ሞንቴቪዴዎ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራው ሁሉ ግን ስለተቀበለው የሚሰማኝ የለም።

በዚህ ሕግ ከሄድን ባልደረባችን አደማር ምንም አይሠራም ነበር።

“ኖኤሊያ፣ ምን ሆነሻል? ስክሪኑን ልትነክሺው ነው እንዴ?” ይለኛል። ፔርሙሱን ብብቱ ሥር እንደሸጎጠ ወንበር ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል። “በይ ከመጀመሪያው አስረጂኝ። ምንም እንደማያውቅ ሰው ቁጠሪኝ።”

እየተነጫነጭኩ አስረዳዋለሁ። መሐል ላይ ጣቱን አንዱ የኮድ መስመር ላይ ያሳርፍና “እዚህ ጋ ምንም ያልተሞላበት ባዶ ቢመጣስ?” ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ያሰቃየኝ ነገር እዚያው ይገለጥልኛል። ካርዱ በእኔ ስም ይዘጋል፤ እሱ ደግሞ የማቴ መጠጫ ቅሉን በሙቅ ውኃ ሞልቶ ያቀብለኝና ወደ ሌላው ባልደረባችን ወደ ፌዴሪኮ ወንበር ይሄዳል። ከሁላችንም በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው። ለጡረታ ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል። ከዚህ ቢወጣ በዚያ ዕድሜው ማንም እንደማይቀጥረው እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ክረምቱ ሲገባ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣብን፤ ጎንሳሎ ይባላል። ጨዋ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ክረምቱ ሳይወጣ ከየቡድኑ አንድ ሰው እንደሚቀነስና የሚቀነሰውም በስሙ ያለቀ ካርድ ያነሰው ሰው እንደሆነ ነገረን። “ቁጥር አያዳላም” አለ። ሁላችንም ወደ አደማር ላለማየት ስንል መስኮቱን አየን።

አደማር ከመንገዱ ማዶ ብስኩት ሊገዛ ሲወጣ የቡድናችን አለቃ ሉርደስ ኩሽና ውስጥ ሰበሰበችን።

“ካለቁት ካርዶቻችሁ ላይ ትንሽ ትንሽ ስጡኝ” አለች። “ስሙን ወደ አደማር እኔ እቀይረዋለሁ። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያይ የለም።”

“ሽማግሌው ከሰማ በፔርሙሱ ይፈነክተናል” አለ ፌዴሪኮ።

“አንተን ይፈንክትህ፣ ምንም አይቀርብህም። ትሰጣለህ አትሰጥም?”

“እሰጣለሁ እንጂ! ምን አልኩ?”

ሰጠን። አደማር በሳምንቱ ውስጥ ከመጨረሻው ተነስቶ መሐል ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ስክሪኑ ፊት ቆሞ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና ረጅም ጊዜ አየ።

“ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው” አለ። “ማነው?”

“አንተ ዝም ብለህ ማቴህን ጠጣ” አለችው ሉርደስ።

ዝም ብሎ ጠጣ። ደስ እንዳላለው ከፊቱ ታየኝ፤ ግን የት ይሂድ?

ጉዱ የፈላው ነሐሴ ላይ ነው። የሠራነው ፕሮግራም ለታካሚዎች የሐኪም ቤት ቀጠሯቸውን በስልክ መልእክት ይልካል። ሐኪም ቤቱ በዓል ሲሆን እንደሚዘጋ ፕሮግራሙ አላወቀም፤ ቀጠሮ የነበራቸውን አዛውንቶች ሁሉ በዝናብ ወደ ተዘጋ በር ላካቸው። አንዲት አሮጊት ደረጃው ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ደንበኛችን የሆነው ሐኪም ቤት ጮኸ፣ የማን ሥራ እንደሆነም ጠየቀ። ጎንሳሎ ካርዱን ፈልጎ አወጣው። “በበዓል ቀን ተሞክሯል” የሚለው መስመር ላይ ራይት ተደርጎበታል። ስሙ አደማር ይላል።

የስብሰባው ክፍል ውስጥ ሁላችንም አለን። አደማር ያንን ካርድ በሕይወቱ ከፍቶት አያውቅም፤ ከፊቱ ያስታውቃል። የፌዴሪኮ ነበር። ፌዴሪኮ ወረቀት መስሏል። አደማር አየውና ጉሮሮውን ጠረገ።

“የኔ ነው” አለ።

“አይደለም” አለች ሉርደስ፣ ከወንበሯ እየተነሳች። “ስሙን እኔ ነኝ የቀየርኩት። እሱ አያውቅም። የሚቀጣ ካለ እኔ ልቀጣ።”

ጎንሳሎ አልተቆጣም። ብዕሩን አስቀመጠና “ይህ የእሱ አይደለም፣ እሺ” አለ። “ሌሎቹስ? ከእነዚህ ውስጥ የእሱ የትኛው ነው?”

ሉርደስ የክፍሉ ስክሪን ላይ የተደረደሩትን ካርዶች አየች።

“ሁሉም የሱ ነው” አልኩ እኔ። “እኔ ከዘጋሁት ውስጥ ግማሹን አጠገቤ ተቀምጦ እሱ ነው ያስዘጋኝ።”

“የት ተመዝግቧል?”

“የትም።”

“እኔ የማቀርበው የተመዘገበውን ነው፣ ኖኤሊያ” አለ፤ ያዘነም ይመስል ነበር። ስሙን ከካርዶቹ ላይ አንድ በአንድ እንድታነሳ ሉርደስን አዘዛት፤ እሷም እያለቀሰች አነሳች። ከዚያ በኋላ በአደማር ስም የቀረ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ስክሪኑ ላይ በስሙ አዲስ ካርድ ተከፈተ። የመሰናበቻው ካርድ ነው፤ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ይከፈታል። ኮምፒውተር መልሷል፣ የበር ቁልፍ መልሷል፣ እውቀቱን ለቡድኑ አስተላልፏል ይላል ቼክሊስቱ። አደማር አጠገቤ ቁጭ አለና ሌላውን ሁሉ ዘልሎ የመጨረሻው መስመር ላይ ራይት አደረገ።

“ይሄኛውስ ድሮ አልቋል” አለ።

ሲስተሙ አልተቀበለውም። ማስረጃ ያያይዙ የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። አደማር ጽሑፉን አየ፣ እኔን አየ።

“ምን ላያይዝ? አንቺን?”

ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ፤ እንዳያየኝም ፊቴን አዞርኩ። ያንን መስመር ባዶ ትቶ የቀሩት ላይ ራይት አደረገ፣ ቅሉን አጥቦ አደረቀ፣ ሁላችንንም ጉንጫችንን ስሞን ወጣ።

ካርዱ አንድ መስመር ስለጎደለው ሳይዘጋ ዋለ። ማታ ወደ ቤት ልንሄድ ስንል ጎንሳሎ መጣና እውቀቱን አስተላልፏል የሚለውን መስመር ከፈተ፣ “አያስፈልግም” የሚለውን መረጠ፤ ካርዱም ወደ “ያለቀ” ሄደ።