ወርቄ አልሞት አለች

የጎሮ ሰፈር ሰው ወርቄን በልቡ ከቀበራት ቆይቷል፤ የቀረው አፈር ማልበሱ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሹፌሩ ባሏ ይትባረክ በዚያ በሽታ እንደ ሻማ ቀልጦ አለቀ። ቀጥሎ ያገባችው ነጋዴው ስብሓትም ተከተለው። እንግዲህ ተራው የማን ነው? የእድሩ ሴቶች «አንቺ ተቀመጪ፣ አትድከሚ» እያሉ ጄሪካን ከእጇ ይቀሟት ነበር። ጎረቤቷ እትዬ ወይንሸትማ ቁምሳጥኗን ላይ ታች አይታ፣ «ይሄ ለልጄ ቤት ልኩ ነው» ብላለች፤ እያለቀሰች ነው ታዲያ።

ወርቄ ግን ጭራሽ ወፈረች። ጉንጯ ሞላ፣ ፀጉሯ በዛ። ሴቶቹ መጠየቁን ተዉት፤ ስታልፍ ወሬያቸው ቀጥ ይላል። እሷም መስታወት ስታይ የሌላ ሰው ፊት ሰርቃ የለበሰች ይመስላት ጀመር።

ያልሸሻት ግንበኛው እሸቴ ብቻ ነው። «እንጋባ» አላት። «መጀመሪያ ደሜን ላሳይ» አለችው። «ከሌለብኝ አገባሃለሁ፤ ካለብኝ አንተን ደግሞ አልቀብርም።»

የውጤቱ ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ እሷን ነበር የሚያየው፤ ከጉድጓድ የወጣ ነገር እንደሚያይ።

«ደግመን አየነው፤ የለብሽም» አላት። «በሽታው ደም ውስጥ የሚገባበት በር አለ። አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር በሩ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይፈጠራል። ፈረንጆቹም ገና አሁን ነው የደረሱበት። ሁለት ባል ቀብረሽ ካልያዘሽ፣ አንቺም እንደዚያ ሳትሆኚ አትቀሪም። ግን አትመኚበት፤ ሌላ መግቢያ አያጣም።»

«ከማን አመጣሁት?»

«ከናት ካባትሽ ነዋ።»

አፈር የሆኑት እናትና አባቷ ደሟ ውስጥ ቆመው በሩን በጀርባቸው የደገፉ መሰላት። ከታክሲ ወርዳ ጭቃውን ስታቋርጥ የይትባረክንና የስብሓትን ኮቴ ከኋላዋ ሰማች። አልዞረችም።

እትዬ ወይንሸት አጥሩ ጋ ጠበቀቻት። «ምን አሉሽ?»

«የለብሽም አሉኝ።»

ወይንሸት እልል አላለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ሰብስባ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እና እነሱን ማን በላቸው?» አለች በቀስታ።

እሸቴ ከሚገነባው ቤት ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። «የለብኝም፤ እንጋባ» አለችው። አልሳቀም። ሲሚንቶ የነካ እጁን በባልዲው ውሃ ታጠበ፤ መልሶ ታጠበ።

«እኔ አለብኝ፣ ወርቄ» አላት። «አንቺም ያለብሽ መስሎኝ ነው የጠየቅሁሽ። ብቻዬን ፈራሁ። አብረን እንሄዳለን ብዬ።»

ያኔ አየችው፤ የአንገቱን አጥንት፣ የሸሚዙን ስፋት። ሁለት ባል አስታማ ይህን እንዴት ሳታይ ቀረች?

«በይ ሂጂ እንግዲህ» አላት።

ከመንገዱ ማዶ ሴቶቹ ተሰብስበው ያያሉ። ወርቄ ድንጋዩ ላይ፣ ከጎኑ ተቀመጠች። እሸቴ ሳል መጣበት፤ እስክትሄድ ብሎ ዋጠው፤ ዐይኑ ቀላ።

«ሳል» አለችው፤ «እኔ ለምጄዋለሁ።»