ወደ ላንድማርክ በበርክ በኩል

የመኪናውን የኋላ በር ከፍቼ ስገባ ፍሰሐ ሞተሩን አጥፍቶ ዞር ብሎ አየኝ።

«ምነው፣ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

«አይ፣ ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ የፊቱ ወንበር ምን ሆነብሽ?»

ምንም አልሆነም፤ ንጹሕና ባዶ ነበር። ኋላ የገባሁት እሱን አክብሬ ነው። ገና ዛሬ ካየሁት ሰው ጎን ዘልዬ መቀመጥ ድፍረት መስሎ ታየኝ። እሱ ደግሞ የናቅኩት መስሎታል።

«ስሚ የኔ እኅት፣ ሳምንቱን ሙሉ ፈረንጅ ከኋላ ጭኜ ስዞር ነው የምውለው። ቅዳሜ ደግሞ ያገሬ ልጅ ሹፌሯ ታድርገኝ?»

ሹፌሬ ነበር። ለዚያ ቀን እሱን ከነመኪናው የተከራየሁት እኔ ነኝ። ይህን ለመናገር ግን አፍ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ፣ ፊት ገባሁ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። የቀኑ መከራዬ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ፊት የተቀመጠ ሰው ደንበኛ መሆኑ ይቀርና እንግዳ ይሆናል። ደንበኛ የሚሄድበትን ይናገራል፤ እንግዳ ወደ ወሰዱት ይሄዳል።

ጥቅምት 2002 ነበር። ለአንድ ሳምንት ስብሰባ ከአዲስ አበባ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ፣ የእናቴ የአክስት ልጅ ብሩክታይት ቤት አርፌያለሁ። ስብሰባው ግን ሰበብ ነው። የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ቨርጂኒያ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር የሚገኝ አንድ ደብተር ነበር።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ስለ ዝናብ ነው። ጎጃም ውስጥ ካለች ከአንዲት ትንሽ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ከ1959 እስከ 1963 ያለው የአምስት ዓመት ልክ ጠፍቷል፤ ያለ እሱ ሥራዬ መሐሉ ጎዶሎ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጣቢያዋን የያዙት አቶ ወልደአምላክ የየቀኑን ልክ ለራሳቸውም በደብተር ይገለብጡ ነበር። አሁን እርጅና ተጭኗቸው ከልጃቸው ከሄለን ጋር ላንድማርክ ይኖራሉ። በስልክ ሳገኛቸው፣ «ደብተሩን ከእጄ አላወጣም» አሉኝ። «አውሼ የተመለሰልኝ ነገር የለም። ነይና ከፊቴ ቅጂ።»

የምቀዳበት ቀን ደግሞ ያ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ስብሰባዬ ዓርብ አለቀ። እሳቸው ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከቤት ወጥተው፣ ሲያትል ወዳለው ወንድ ልጃቸው ጠቅልለው ይሄዳሉ። እኔ እሑድ ወደ አገሬ እበራለሁ።

በሜትሮና በባስ እሄዳለሁ ስላት ብሩክታይት ሳቀችብኝ። «ላንድማርክ ሜትሮ የለም፤ የቅዳሜን ባስ ስትጠብቂ ይመሽብሻል። ፍሰሐን ኮል አደርግልሻለሁ። ታክሲ ሲነዳ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሜሪላንድን በለው ቨርጂኒያን በለው፣ የማያውቀው ቤት የለም።»

እውነቷን ነበር። የማያውቀው ቤት አልነበረም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በአምስት ሰዓት ተነሣን። መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው ተብያለሁ። ስድሳ ገጽ ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይተርፈኛል ብዬ በልቤ አስልቼ ሳልጨርስ፣ ፍሰሐ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ አቆመ። ሦስት ካርቶን ውሃና ሁለት ካርቶን ለስላሳ ጭኖ ተመለሰ።

«ይህ ሁሉ ውሃ ለምንድነው?»

«ባዶ እጅ ይገባል እንዴ?»

«የት?»

«በርክ ነዋ። አበባ የምትባል ወዳጄ አለች፤ ወንድሟ አገር ቤት አርፎ መርዶውን ሐሙስ ነው የነገሯት። እኔ ሥራ ይዞኝ እስካሁን አልደረስኩም። ደግሞም መንገዳችን ነው።»

መንገዳችን አልነበረም። ካርታውን አይቼዋለሁ፤ ከተማውን ከሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ከቤልትዌዩ ሲወጡ ላንድማርክ በግራ፣ በርክ በቀኝ ነው።

«ጋሽ ፍሰሐ፣ ሰውዬው እኮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳሉ።»

«ገና ለምሳ እንኳ አልደረሰ! አምስት ደቂቃ ነው። እግዜር ያጥናሽ ብሎ ውልቅ። ሪላክስ አድርጊ።»

ሪላክስ አላደረግኩም። እሱ ግን በግራ እጁ እየነዳ በቀኙ ያስጎበኘኝ ጀመር። ያ ነጩ ሾጣጣ ሕንፃ የሞርሞኖች ነው። ይኼ ወንዝ ፖቶማክ ነው። እዚያ ጋ በበረዶ ጊዜ ተገልብጦ ምንም ሳይሆን ወጥቷል። የተገለበጠበትን ቦታ በደንብ ሊያሳየኝ ሲል መውጫችንን አለፈው፤ ዞረን እስክንመለስ ሃያ ደቂቃ ሄደ። «አየሽ፣ ወሬሽ ጣፋጭ ሆነብኝ» አለኝ። ከግሮሰሪው ወዲህ አንድም ቃል አልተነፈስኩም ነበር።

በርክ ስንደርስ ከስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ከቤቱ በር ላይ ጫማ ተከምሯል። እኔ እዚሁ መኪና ውስጥ ልጠብቅ አልኩት።

«ለቅሶ ቤት በር ላይ መኪና ውስጥ? ምን ይሉኛል? ከየት አምጥቶ ነው በር ላይ የጣላት አይሉም?»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ወይዘሮ አበባ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ፍሰሐ ሳማቸውና ወደኔ እያሳየ፣ «ይቺ እንኳ ሰሞኑን ነው ከአገር ቤት የመጣችው» አላቸው። ይህ መባል አልነበረበትም። ወይዘሮዋ አንገቴን አቅፈው እንደ አዲስ አለቀሱ። ወንድማቸውን ታመው ሳሉ አይቻቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየኋቸውም፤ በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅ ነበር። «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ እዚያው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀና ስል ፍሰሐ የለም። ወንዶቹ ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ናቸው።

አምስቱ ደቂቃ ሃምሳ ሆነ። ባዩሽ የምትባል የጎረቤት ሴት ሰሐን አስይዛኝ ጎኔ ዘርፈጥ አለች።

«ብዪ እንጂ። ለሟቹ ምኑ ነሽ?»

«ምኑም አይደለሁም። ከጋሽ ፍሰሐ ጋር ነው የመጣሁት።»

«ውይ! ፍሰሐ ሊያገባ ነው?» አለች በጆሮዬ፤ ሹክ ያለችው ግን እስከ በሩ ይሰማል።

«ኧረ በፍጹም! ተከራይቼው ነው።»

«ፍሰሐን?»

«መኪናውን። ማለቴ… እሱንም።»

ባዩሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። «በይ ጉረሺ። የተከራየሽው ዕቃ የትም አይሄድም።»

ብዙ ቆይቶ የብሩክታይት ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ፤ ለቀኑ ብላ ያዋሰችኝ ነው። ኮሪደር ወጥቼ አነሣሁት። ሄለን ነበረች። «ሃይ፣ ዌር አር ዩ? ዳድ ከጠዋት ጀምሮ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀሽ ነው። ዘጠኝ ላይ የግድ እንወጣለን፣ ኦኬ? አይ አም ሶሪ፣ ግን ፍላይት ሚስ ማድረግ አንችልም።» ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ከሃምሳ ይላል።

ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ስድስት ወንዶች ጠረጴዛ ከበው ካርታ ይጫወታሉ።

«ጋሽ ፍሰሐ፣ ስምንት ሊሆን ነው።»

«መጣሁ፣ መጣሁ። ይቺን ዙር ልጨርስ» አለኝ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሣ።

«ማን ናት?» አለ አጠገቡ ያለው።

«የብሩክታይት ዘመድ። ምሁር ናት። ዝናብ ነው የምታጠናው።»

«ዝናብ ምኑ ይጠናል? ይዘንባል፣ ያባራል!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ደረጃውን ወጥቼ ፍራሹ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዛሬም የሚያናድደኝ ፍሰሐ አይደለም፤ ያ ተመልሼ መቀመጤ ነው። አቶ ወልደአምላክ ሶፋቸው ላይ ሆነው በሩን ሲያዩ ይታየኛል፤ እኔ ግን ሰሐን ታቅፌ ስለማላውቃቸው ሰው ደግነት እሰማለሁ።

ስምንት ከሃያ ሲሆን ዳግመኛ ወረድኩ።

«ቁልፉን ይስጡኝ። ቦርሳዬ መኪና ውስጥ ቀርቷል።»

ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ፍሰሐ ቀና ሳይል ቁልፉን ሰጠኝ።

ውጭ ወጥቼ መኪናውን ከፈትኩ፣ መሪው ጋ ተቀመጥኩ፣ ክላክሱን ተጫንኩት። መንዳት አልችልም፤ መጫን ግን እችላለሁ። መጀመሪያ አጭር ነበር። ማንም አልወጣም። ሁለተኛውን እጄን ሳላነሣ ያዝኩት። ከወዲያ ማዶ ቅጠል የሚጠርግ ሽማግሌ ፈረንጅ መጥረጊያውን አቁሞ አየኝ። የሳሎኑ መጋረጃ ተገለጠ። ባዩሽ በር ላይ ወጣች፣ ከኋላዋ ወይዘሮ አበባ ራሳቸው ነጠላቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እጄን ግን አላነሣሁም።

ፍሰሐ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ፣ ካርታውን በእጁ እንደያዘ ሮጦ ወጣ።

«ምንድነው? እሳት ተነሣ?»

«ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው የቀረኝ።»

«ለቅሶ ቤት ላይ ጥሩምባ! እኔን ምን ይሉኛል አሁን? ንገሪኝ፣ ምን ይሉኛል?»

«የሚሉዎትን አላውቅም» አልኩ። «የተከራየሁዎት ላንድማርክ እንዲያደርሱኝ ነው። ላንድማርክ ያድርሱኝ።»

አየኝ። ካርታውን ኪሱ ከተተ፣ ሌላውን ጫማውን አምጥቶ አደረገ፣ ለወይዘሮ አበባ በሩቁ እጅ ነሣ። ከመሪው ተነሥቼለት ገባ። በመንገዱ ሁሉ ምንም አላስጎበኘኝም። እንዲህ የሚነዳ ሰው አይቼ አላውቅም። የትኛው መብራት መቼ እንደሚለቅ ያውቃል፤ አንድም ቀይ አልያዘንም።

ስንደርስ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነበር። አቶ ወልደአምላክ ካፖርት ለብሰው በከዘራ ተደግፈው ከሕንፃው በር ላይ ቆመዋል፤ ሄለን ሻንጣ ትጭናለች።

«መጣሽ? ከየት ነው የምትመጪው እስከ አሁን?»

«ከለቅሶ ቤት ነው ጋሼ፤ በርክ።»

«የማን ለቅሶ ነው?»

«ዳድ፣ ፕሊስ!» አለች ሄለን።

ደብተሩ የተቀመጠው ከሁሉም በታች ባለው ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሄለን በሁለት እጇ ፀጉሯን ያዘች። ፍሰሐ ማንንም ሳይጠይቅ ሦስቱን ሻንጣ አውርዶ አስፋልቱ ላይ ደረደራቸው፣ የመጨረሻውን ከፈተ፣ ደብተሩን አውጥቶ ለአቶ ወልደአምላክ በሁለት እጁ ሰጣቸው። በእጅ ለመገልበጥ ጊዜ አልነበረም። ለስብሰባው ከትምህርት ክፍሌ የተዋስኩትን ካሜራ አወጣሁ። ደብተሩን የፍሰሐ መኪና ኮፈን ላይ ዘረጋነው፤ ነፋስ ስለነበር ፍሰሐ ገጹን በመዳፉ ያዘልኝ፣ አቶ ወልደአምላክ ይገልጣሉ፣ እኔ አነሣለሁ። አንድ ገጽ አንድ ወር ነው።

በፍጥነት ሊያልቅ ይችል ነበር። እሳቸው ግን ከየገጹ አንድ ቀን ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ።

«ይኸውልሽ፣ ሐምሌ ዐሥራ አንድ። ያን ቀን በረዶ ወርዶ መለኪያውን ሰበረው። ይቺ ቁጥር ግምት ናት። ግምት መሆኗን ጻፊ፤ ልክ ነው ብለሽ እንዳታሳስቺ።»

ጻፍኩ። ይህን ከእሳቸው በቀር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ጥርሴን ነክሼ ነው የጻፍኩት። ቀጥሎ በቅሏቸው የሞተችበትን ሳምንት አገኙ።

«ዳድ፣ ዊ ሃቭ ቱ ጎ። ናው።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር። ሄለን ደብተሩን ከኮፈኑ ላይ አንሥታ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። አባቷን ደግፋ አስገባችና ወደ ኤርፖርት ሄዱ።

ሠላሳ ስድስት ገጽ አንሥቼ ነበር፤ የሦስት ዓመት ዝናብ። ሁለቱ ዓመት ሲያትል ሄዱ። ፍሰሐ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መለሰኝ፤ እኔም ጥናቴን በተገኘው የሦስት ዓመት ልክ ብቻ ጻፍኩት።