በማን ፈቃድ ተነሣ

በዚያ ቤት ውስጥ ፕላስተር ያልተለጠፈበት ዕቃ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። የሙሽራው ታላቅ እህት፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በሌለችበት «ኮሚቴ» እያለ የሚጠራት ሴት፣ ሦስት ጥቅል ባለቀለም ፕላስተር ይዛ መጥታ ሥርዓቱን ደነገገች፤ ቀይ የተለጠፈበት ዕቃ ወደ እርሷ ቤት ይሄዳል፣ ሰማያዊ የተለጠፈበት ወደ እናታቸው ቤት፣ ነጭ የተለጠፈበት ደግሞ ከሙሽሮቹ ጋር ባሕር ይሻገራል። ይህ ቅጽል የወጣላት ብዙ ሰው ስለምታማክር አልነበረም፤ ሐሳብ አቅራቢዋም፣ ደጋፊዋም፣ አጽዳቂዋም እርሷው ራሷ ስለሆነች እንጂ።

ሠርጉና ጉዞው መገጣጠማቸው ለኮሚቴ ሰፊ ሥልጣን ሰጣት። ወንድሟ የቀዝቃዛ መጋዘን ማሽኖች ጠጋኝ ነው። ባሕር ማዶ የሚገኝ አንድ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ቀጥሮታል፤ ሥራውን ሳይጀምርም ተጋብተው አብረው እንዲሄዱ ተቆረጠ። ሙሽሪት ይህን የሰማችው ከእጮኛዋ አፍ አልነበረም። ኮሚቴ በስልክ «እንኳን ደስ ያለሽ!» አለቻት፤ እርሷም ጨዋ ናትና በመጀመሪያ አመሰገነች፤ ወዴት እንደምትሄድ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያልተወሰነላት ነገር አልነበረም። ቀሚሱ ተመርጦ ቆያት፤ የተመረጠውም ስላማረባት ሳይሆን ሲታጠፍ ሻንጣ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ስማቸውን የማታውቃቸው ሰዎች ፊት ለፊት እንዲቀመጡ፣ የሙያ ጓደኞቿ ግን ከምሰሶው ጀርባ እንዲሆኑ ተደረገ። ስለ ሠርጉ ቅር ሲላት «ለአንድ ቀን አይደል እንዴ፣ ምን አስጨነቀሽ?» ትባላለች። ስለ ጉዞው ስትጠይቅ ደግሞ «ዕድሜ ልካችሁን ለምትኖሩበት ነገር ምን አስቸኮለሽ?» ይሏታል። አንዱ አጭር ስለሆነ፣ ሌላው ረጅም ስለሆነ፣ በሁለቱም አፏን እንድትይዝ ተፈረደባት። እርሷም ያዘች። ሰው ሲደሰት ማደፍረስ አትወድም ነበር።

አጥብቃ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሽሪት ሶፋና ወንበር የምታለብስ ባለሙያ ናት፤ ከእጮኛዋ ጋር ከሚኖሩበት ቤት ሥር፣ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ወፍራም ቆዳ የሚሰፋው መኪናዋ፣ ከነጠረጴዛውና ከነሞተሩ፣ አብሯት እንዲሄድ ፈለገች። አልጋው ይቅር አለች፤ ቁም ሳጥኑም፣ መስታወቱም፣ ምንጣፉም ይቅር። ቋንቋውን በማታውቀው አገር አፏ ቢተሳሰር እንኳ እጇ እንደማይተሳሰር ታውቃለች፤ ሞላው የወጣ ወንበርና የተቀደደ ትራስ የሌለበት አገር የለምና። ያለዚያ መኪና ግን የምትደርሰው እንደ ባሏ ጓዝ ነው። ይህን ለእጮኛዋ በግልጽ ነገረችው፤ እርሱም «እሺ፣ ምን ችግር አለው» አላት። ነጩን ፕላስተር በገዛ እጇ ለጠፈችው።

አንድ ቀን ጧት ኮሚቴ ቀሚሱን እንድትለካ ላከቻት። ከልኬቱ ስትመለስ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ በሥራ ክፍሏ በር ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው አገኘቻቸው። የመቀመጫ ወንበራቸውን ቆዳ እንድታለብስላቸው ሰጥተዋት ነበር።

«ወንበሬ ደረሰ ወይ፣ ልጄ?»

«ትናንት ጨርሼዋለሁ፣ ጌታዬ። ይግቡ።»

በሩን ከፈተችና ቆመች። ወንበሩ የለም። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ መኪናው የለም። ክሩ ከመርፌው ሳይወጣ ተጎትቶ ተበጥሷል፤ ቁራጩ ግድግዳው ላይ ከቀረው የክር ማጠንጠኛ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። የዘይት ጣሳው ተደፍቶ ስፖንጁን አበላሽቶታል። ሌባ ቢሆን ኖሮ ውድ ቆዳዋን አይተውም ነበር፤ ቆዳው ግን እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ አለ። ስልኳን አወጣች።

«እትዬ፣ የሥራ ክፍሌ ማን ገብቶ ነበር?»

«የምን ማን ነው! ሠራተኞቹ ናቸዋ!» የኮሚቴ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። «ፒካፑ ነጻ የነበረው ዛሬ ጧት ብቻ ነው። ሁሉንም ጭነው እኔ ጋ አራገፉት። ተገላገልሽ በይ!»

«የደንበኛ ወንበር ወስዳችኋል።»

«የቱን? ያንን ቡናማውን? ውይ፣ እሱማ ሰማያዊ አለበት።»

«ማን ለጠፈበት?»

«እኔ ነኛ! ለእማማ ወገብ ልክክ የሚል መስሎኝ።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወገባቸውን ይማርላቸው፤ ወንበሩ ግን የእኔ ነው» አሉ በዝግታ።

«መኪናዬስ፣ እትዬ?»

የኮሚቴ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «እሱን… ስትመጪ እንነጋገራለን፣ የኔ እናት» አለችና ዘጋችው።

ዳኛው ባርኔጣቸውን ደፉ። «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። በሌለሁበት ሲፈረድብኝ ደስ አይለኝም።»

የኮሚቴ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ከወንድሟ ቤት በመጡ ዕቃዎች ተጨናንቆ፣ እንግዳ በጎኑ ካልሆነ ማለፍ አይችልም። የዳኛው ወንበር መተላለፊያው ላይ ተገትሯል። መኪናው ግን የክብር ቦታ ተሰጥቶታል፤ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ራሱ ወደ ጠረጴዛው ሆድ ተገልብጦ፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሶ። ዳንቴሉ ላይ የላስቲክ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ የሙሽራው ፎቶግራፍ።

ሙሽሪት ዳንቴሉን በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገችው። ቀይ ፕላስተር። ከቀዩ ሥር የነጩ ቅዳጅ ጫፉ ይታያል። ከሌሊት እስከ ሌሊት የሠራችበት፣ የክሩን ውጥረት በጆሮዋ ብቻ የምታውቀው መኪና የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል!

«እትዬ፣ ይኼ ነጭ ነበረው።»

«ነበረው።»

«ቀዩን ማን ለጠፈው?»

«አሁን ለአንድ ብረት እንዲህ ዓይን ማጉረጥረጥ ምንድን ነው? ሙሽራ እኮ ነሽ! ፊትሽ ተጨማዶ ፎቶ ላይ ልትወጪ ነው?»

«ማን ለጠፈው ነው የምልሽ።»

ኮሚቴ እጇን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። «ስሚ፣ እኔ የሠራሁትን አልክድም። ፍሪጁን ለጥፌያለሁ፣ መጋረጃውን ለጥፌያለሁ። እግር ያለውንም የሌለውንም ለጥፌያለሁ። ይኼን ግን እኔ አይደለሁም። የገዛ እጮኛሽ ነው ነጩን በጥፍሩ ልጦ ቀዩን ያኖረበት። ‹ያንቺ ነው፣ እትዬ› ብሎ በአፉ ሰጠኝ። ሰው ሲሰጠኝ አልቀበልም ልበል?»

ይህ ሲባል ሙሽራው በሩ ላይ ነበር። እህቱ ስልክ ደውላ አስጠርታዋለች። ከነሥራ ልብሱ፣ በቅባት የጠቆሩ እጆቹን የት እንደሚያስቀምጣቸው ሳያውቅ ቆመ። እንዳልሰማ ለመምሰል አልሞከረም።

«ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ከሠርጉ በኋላ… ስንረጋጋ።»

«አውሮፕላኑ ውስጥ?»

ዳኛው፣ ሌላ የሚቀመጡበት ስፍራ ባለመኖሩ፣ ሰማያዊው ፕላስተር እንደተለጠፈበት በገዛ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ማንም አላስተዋላቸውም።

«ነገሩን በእርጋታ እዪው እንጂ» አለ እጮኛዋ። «ክብደቱ ብቻ ስንት ነው! ደግሞስ እዚያ ምን ይሠራልሻል? ደመወዜ ለሁለታችን ይበቃል። እስከ ዛሬ ቆዳ ስትጎትቺ ኖርሽ፤ ትረፍ፣ ትቀመጥ ብዬ እኮ ነው። እትዬም ይኸው ሠርጉን ብቻዋን ተሸክማዋለች። ባዶ እጇን ልተዋት?»

«ለእርሷ የምትሰጠው የራስህ ነገር አጣህ?»

«የእኔና ያንቺ ምን ለየው?»

«ሁለቱ የመሣሪያ ሣጥኖችህ ምን ዓይነት ፕላስተር አለባቸው?»

እጆቹን በሱሪው ጠረገ።

«እኮ፣ ምን አለባቸው?»

«ነጭ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ያለ እነሱማ እንዴት…» አለና ንግግሩ መሐል ላይ ተገታ። ከአፉ ሊወጣ የነበረውን ቃል እርሱም ሰማው፣ እርሷም ሰማችው። ሣጥኖቹ ከመኪናው ይልቅ እንደሚከብዱ ሁለቱም ያውቃሉ።

ነገሩ ያልገባት ኮሚቴ ብቻ ነበረች። «አይ እንግዲህ! የእሱና ያንቺ አንድ ነው እንዴ? እሱ እኮ ተቀጥሮ ነው የሚሄደው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ከሱ ጋር ነዋ!»

ኮሚቴ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም በፍቅር፣ ትከሻዋን ቸብ አድርጋ ነው። ለዚህም ነው ንግግሩ ከስድብ ሁሉ የከፋው። ተሳዳቢ ቢያንስ የሚሰድበው ሰው ፊቱ እንዳለ ያውቃል። እዚህ ግን አንዲት በገዛ ሙያዋ የምታድር ሴት ከብርድ ልብሱና ከብረት ድስቱ ጋር ተቆጥራ፣ ተጠቅልላ፣ «ከሱ ጋር» ተብላ ስታበቃ ምስጋና ይጠበቅባታል።

ሙሽሪት አበባውን አነሣች። ፎቶግራፉን አነሣች። ዳንቴሉን ጠርዝ በጠርዝ አጥፋ በኮሚቴ እጅ ላይ አኖረችው።

«ሠርጉ ይቆይ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይቆይ ነው ያልኩት።»

«አዳራሹስ? የተበተነው ካርድስ? ኧረ የሰው ያለህ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ኮሚቴው ያጽድቀው።»

ከዳኛው ወንበር በኩል ሳል የሚመስል ነገር ተሰማ። ኮሚቴን በዚህ ቅጽሏ ፊት ለፊት የጠራት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

እጮኛዋ ተጠጋት። «ትተሽኝ ነው?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አልተውኩህም። ሥራህ አይቅርብህ፤ ሂድ፣ ጀምር። እዚያ ይኼ መኪና የሚቆምበት ብርሃን ያለው ክፍል ፈልግ። ስታገኝ ጠይቀኝ። እኔን ነው የምልህ፤ እህትህን አይደለም።»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይኛለሽ?»

«ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ እኔም አላውቀውም።»

ቁጣዋ አልበረደም። ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን አንድ ጎን ጨበጠች። «በዚያ በኩል ያዝ።»

እህቱን አየ፤ ሙሽሪትን አየ፤ ያዘ። በጠባቡ ደረጃ እርሱ ከታች፣ እርሷ ከላይ ሆነው ወረዱ። ዳኛው የወንበራቸውን ትራስ በብብታቸው ይዘው ከኋላ ይከተላሉ፤ «ግራ፣ ግራ! ግድግዳ አለ! ቀስ!» እያሉም ያዛሉ። ወንበሩን የጎረቤት ሰው ያወርድላቸዋል። በመጀመሪያው መዞሪያ ላይ ሙሽራው ላብ አጠመቀው።

«እንዲህ ይከብዳል እንዴ?»

«ከባድ ነው ብለህ አልነበር?»

«በግምት ነው እንጂ አንሥቼውስ አላውቅም።»

መዞሪያው ላይ ላሳርፈው ብሎ ሲያያት አይሆንም ስትል ራሷን ነቀነቀች፤ እስከ ታች ድረስ ወሰዱት።

በጋሪ ጭነውት የሥራ ክፍሏ ሲደርሱ መኪናውን ወደ ቦታው መለሱት። የሞተሩን ቺንጋ አጠበቀች፣ አዲስ ክር አስገባች፣ በቁራጭ ቆዳ ላይ አንድ መሥመር ሰፋች። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ አልወደደችውም፤ ብሎኑን ነካ አድርጋ እንደገና ሰፋች። እጮኛዋ በሩን ተደግፎ ቆሞ ያያታል። ሲናገር ነገሩን ከሩቅ ጀመረ፤

«የፋብሪካው ሰው… ስለ ቤት ኪራይ ጠይቆኝ ነበር። አንድ ክፍል ይበቃል ብዬዋለሁ።»

«እና?»

«ደውዬ ልነግረው ነው። አይበቃም ብዬ።»

«መልካም» አለች ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። ይቅርታ አልነበረም፤ እርሱም እንዳልሆነ ገብቶታል።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት የታክሲ ወንበር ትራስ ተሸክማ ከመንገዱ ብቅ አለች። ሙሽራውን አየች፣ መኪናውን አየች፣ ለመግባት አመነታች።

«አገር ልትለቅ ነው፣ ሥራ አትቀበልም ሲሉኝ ነበር እኮ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ኧረ ሰፈሩ ሁሉ!»

«ሰፈሩ አልጠየቀኝም» አለች ሙሽሪት። ትራሱን ከሴትዮዋ እጅ ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ በተቀደደው በኩል እጇን ሰድዳ የተሰበረውን ሞላ መፈለግ ጀመረች።